ድመቷ የምትለምነው

የማዳሜ ዓይን መድከም መጀመሩን ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ያወቅሁትም በምስር ነው። ምስር ለቀማ የእሳቸው ሥራ ነበር፤ እኔን አያስነኩኝም። «ያንቺ ዓይን ወጣት ነው፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ይቸኩላል» ይሉኝና የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ምስሩን አፍስሰው፣ ጠጠሩን በአንድ ጣት ወደ ዳር እየገፉ አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ስኖር ጠጠር ነክሼ አላውቅም ነበር። በኅዳር ወር አንድ እሑድ ግን ልጃቸው ምሳ ሲበላ ድንገት ማኘኩን አቆመና ጉንጩን ያዘ። በሶፍት ተፍቶ መብላቱን ቀጠለ። እኔ በማግስቱ ማዳሜ ሲለቅሙ ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ከፊታቸው መሐል ላይ ያለው ምስር እንደ ወትሮው ጥርት ብሏል። ግራና ቀኝ ያለው ግን ከነጠጠሩ ነበር፤ ጣታቸው ወደዚያ አልሄደም።

ቤቱ ቤይሩት፣ ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል ሠፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ከእሳቸው መኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤቱ የሚደርስ ረጅምና ጠባብ ኮሪደር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመት ብቻ ስለሆነው በበረንዳው ግድግዳ ላይ ያሉት የጥይት ቀዳዳዎች አልተደፈኑም ነበር። ማዳሜ ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ የልብስ መቆንጠጫ ያስቀምጡበታል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ፋናር፣ ዳገቱ ላይ ይኖራል፤ በየእሑዱ እየመጣ ያያቸዋል። በቤቱ የምንኖረው እሳቸው፣ ሠራተኛቸው እኔና ድመቷ ነበርን።

ድመቷ ግራጫ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። በጦርነቱ ጊዜ ሕንጻው ሥር ባለው መጠለያ ውስጥ፣ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ፣ ማዳሜ እግር ላይ ተጠቅልላ ተኛች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ሆነች። አንገቷ ላይ በቀይ ጥብጣብ ትንሽ ቃጭል አሥረውላት ስለነበር በተራመደች ቁጥር የት እንዳለች ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔ አልወዳትም። ያደግሁት ውሻ ባለበት ግቢ ነው፤ ድመት ለአይጥ እንጂ ለሶፋ የተፈጠረች አይመስለኝም ነበር። እሷም ታውቅብኛለች፣ እኔ ባለሁበት ስታልፍ የግድግዳውን ጥግ ይዛ ነው።

የምስሩን ነገር ባየሁ በሳምንቱ ማዳሜን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «ማዳም፣ ዓይንዎ ደክሟል። ለልጅዎ ልንገራቸው?» አልኩ። ያዩት የነበረውን መጽሔት ከደኑት።

«ትነግሪውና?» አሉኝ። «ያላ፣ ተነሺ፣ ወደ ፋናር ይለኛል። ካልሆነም ደይር፣ መነኮሳቱ ጋ። ይህ ቤት ይዘጋል። እኔ ደግሞ ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ነው።» ቀጥለውም፣ «አንቺስ ያኔ የት ትሄጃለሽ?» አሉ።

ይቺ ጥያቄ አፌን ዘጋችው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው የአገሬ ልጆች የሚያወሩትን እሰማ ነበር። በር የሚቆለፍባቸው አሉ፤ በረንዳ ላይ የሚተኙ አሉ፤ በጾም ቀን ሥጋ ካልበላሽ የሚባሉ አሉ። እኔ ቁልፍ በእጄ ነው፣ የጾም ምግቤን ራሴ አበስላለሁ፣ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳለሁ። ያ ቤት ከተዘጋ ለማን እንደምተላለፍ አላውቅም። ስለ እሳቸው ስል ዝም አልኩ ብል ግማሹን መዋሸት ይሆናል። ግማሹ ለራሴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም የምንሠራው ሌላ ሥራ መጣ፤ እሑድን ማሳለፍ። ልጃቸው ከመድረሱ በፊት ወንበራቸውን ጀርባው ወደ መስኮቱ እንዲሆን አዞረዋለሁ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ወድቆ እንዳያሳብቅ። ሳህኑን ሳቀርብ «ሩዙ በእኔ በኩል፣ ሥጋው በግድግዳው በኩል» ብዬ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ የልጆቹን ፎቶ አምጥቶ እጃቸው ላይ አኖረው። እኔ ከኋላቸው ሳህን እያነሳሁ፣ «ትንሿ ሰማያዊ ቀሚስ እንዴት አማረባት» አልኩ። «ሰማያዊ ሁልጊዜም ያምርባታል» አሉ እሳቸው፣ ሳይዘገዩ። ሲሄድ በሩን ዘግተን እንደ ሁለት ተማሪ ሳቅን። ጎበዞች ሆንን። እሱ አይቶ የማያይ፣ እሳቸው ሳያዩ የሚያዩ ሆኑ።

በታኅሣሥ መግቢያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ዓሣ ስጠብስ ማዳሜ አጠገቤ ተቀምጠው የዓሣውን ጭንቅላት ለድመቷ ይሰጧታል። ድመቷ ዓይኗን ጨፍና ትበላለች።

«ለምን እንደምትጨፍን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ማን እንዳበላት እንዳታይ ነው። ነገ አላየሁም ብላ ልትክድ።»

የምገለብጥበት ሹካ እጄ ላይ ቆመ። ይህ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው።

«ውሻ ምን ብሎ ይጸልያል?» ብለው ቀጠሉ። «ለጌታዬ ልጅ አብዛለት ይላል፤ ያኒ ልጅ ሲበዛ ፍርፋሪ ይበዛል። ድመት ግን…»

«ባለቤቴን አሳውርልኝ ትላለች» አልኩ እኔ። «ከሳህኑ ላይ ስታነሳ እንዳያያት።»

ማዳሜ ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኛ አገርም እንዲሁ ነው የሚባለው።» እውነቴን ነበር። ጎንደር፣ እኛ ሠፈር፣ ሴቶች ድመት ከገበታ ሲያባርሩ የሚሉት እሱኑ ነው፣ ቃል ሳይጨመር ቃል ሳይቀነስ። ማዳሜ እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ሁለታችንም ድመቷን አየናት። እሷ ጨርሳ መዳፏን እየላሰች ነበር።

ሳህን ሳጥብ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በእሳቸው አገርና በእኔ አገር መካከል ባሕርና በረሃ አለ። ጎንደር ያሉት ሴቶች ቤይሩት ካሉት ጋር ተገናኝተው፣ ተመካክረው አንድ ዓይነት ውሸት ሊዋሹ አይችሉም። ሁለት ሕዝብ ሳይተዋወቅ አንድ ነገር ከተናገረ ነገሩ እውነት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ትልቅ ማስተዋል መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ኮራሁበት፤ የማዳሜን በሽታ ሐኪም ሳይደርስበት እኔ ደረስኩበት አልኩ። ደግሞም ይህ በሽታ ለልጅ መናገር የማይጠይቅ፣ ቤት የማያዘጋ በሽታ ነበር። ያመንኩት እውነት ስለመሰለኝ ብቻ አይደለም። ስለተመቸኝም ነው።

ኻልዴ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ፣ አንድ የአገሬ ልጅ ነበረች። ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ያለ ወረቀት የምትኖር፣ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ መንገድ ዳር ባለ ዓሣ ቤት ዓሣ እየገፈፈች የምትሠራ ናት። ዓሣ ቤቱ ጓሮ ድመት ይርመሰመሳል እያለች ታወራኝ ነበር። ማዳሜን ልጃቸው ለምሳ ፋናር የሚወስድበትን እሑድ ጠበቅሁ። ጠዋት እሳቸው መኝታ ቤታቸው ሆነው ሲለባብሱ፣ እኔ ወጥ ቤት ድመቷን በወተት አታልዬ ቃጭሏን ከአንገቷ ፈታሁና ኪሴ ከተትኩ። ሰርቪስ በሚሉት የጋራ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይሰማኝ ነው። እነሱ ሲወጡ ከአገር ይዤው በመጣሁት ዚፕ ባለው ቦርሳ ከትቻት ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ጓደኛዬ ቦርሳውን ከፍታ ስታይ በሳቅ ፈረሰች። «ሰው ሲሰደድ አይቻለሁ፣ ድመት ያሰደድሽ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለችኝ። «ለመሆኑ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አላት? እኛ ጋ ወረቀት ያለው አይገባም።» ለምን እንዳመጣኋት ስነግራት ግን ሳቋን ተወች። «እሱስ እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እናቴም ትለው ነበር።» እኔ ሦስተኛ ምስክር ያገኘሁ መሰለኝ። ድመቷ ከቦርሳው ወጥታ የዓሣ ሳጥኖቹ ሥር ገባችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ማዳሜ ሲመለሱ «በሩ ተከፍቶ ወጥታ ነው መሰለኝ» አልኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «ወጣች?» አሉ። «ወጣች» አልኩ። ፈልጊያት ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አላሉኝም፤ የሕንጻውን ዘበኛም አልጠየቁም። የምትበላበትን ሳህን ላነሳ ስል ግን «ተዪው፣ እዚያው ይሁን» አሉኝ። ሳህኑ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባዶውን ተቀመጠ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። አንዲት ልጅ ከአገር ስትመለስ በትንሽ ጠርሙስ ያመጣችልኝ ጠበል ነበር። በየጠዋቱ በስመ አብ ብዬ የማዳሜን ዓይን አብስላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ከሚማጸኑት ቅዱስ ገዳም የመጣ ዘይት በጥጥ ነክረው ሽፋሽፍታቸውን ይቀባሉ። እኔ የእሳቸውን ዘይት እስመዋለሁ፣ እሳቸው የእኔን ጠበል ያማትቡበታል። በጠበሉም በዘይቱም ላይ ጥፋት አላገኝም። ጥፋቱ ጠበሉን ሐኪም ላለመጥራት ሰበብ ባደረግሁት በእኔ ላይ ነው። «ዛሬስ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ። «ሻል ብሎኛል፣ መርሲ» ይላሉ። ፀሐይ ጥርት ባለችበት ቀን በረንዳ ላይ ሆነው ማዶ የተሰጣውን ቀይ ምንጣፍ አየሁ ካሉ፣ ለእኔ ድመቷ መሄዷ ሥራ መሥራቱ ነው። በማግስቱ የበሩ መቃን ትከሻቸውን ቢመታው ደግሞ ልመናዋ ገና አልለቀቃቸውም እላለሁ። ያመነ ሰው ማስረጃ አያጣም።

ያላየሁት ነገር ግን ነበር። ድመቷ በነበረችበት ጊዜ ማዳሜ ኮሪደሩን ግድግዳ ሳይነኩ ይሄዱበት ነበር። ከወንበራቸው ሲነሱ ድመቷም ትነሳለች፣ ምግብ ታገኝ መስሏት ከፊታቸው ወደ ሳህኗ ትቀድማለች፣ ቃጭሉም አብሯት ይሄዳል። ባልዲ ትቼ እንደሆነ ድመቷ ትዞረዋለች፤ ማዳሜም ድምፁ የዞረበት ይዞራሉ። ይህን ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ እጃቸው ግድግዳውን መዳበስ ጀመረ። የልጅ እጅ የነካው የሚመስል ጥቁር መስመር ግድግዳው ላይ ወጣ፣ በየሳምንቱ በሳሙና አጥበው ነበር። ለምን እንደመጣ ራሴን አልጠየቅሁም።

ፋሲካ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤቱን ከላይ እስከ ታች ሳጥብ ባልዲውን ኮሪደሩ ላይ ትቼ በረንዳ ወጣሁ። የሰማሁት የባልዲውን መገልበጥ ነው። ስደርስ ማዳሜ ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘውታል። አላለቀሱም። «እዚህ ምን ነበር?» ብቻ አሉኝ።

ልጃቸው መጥቶ ሆስፒታል ወሰደን። የእጃቸውን ስብራት ያየው ሐኪም ከጎናቸው ሆኖ ጄሶውን ሲዘረጋላቸው ስላላዩት ተጠራጠረና ወደ ዓይን ሐኪም ላካቸው። የዓይን ሐኪሙ ያላቸውን ሁሉ ባይገባኝም ዋናው ገባኝ። ዓይን ውስጥ ያለ ግፊት ነው፤ እነሱ ሰማያዊ ውሃ ይሉታል። መጀመሪያ የሚወስደው ዳር ዳሩን ነው፣ መሐሉን መጨረሻ ላይ። የሄደው አይመለስም። የቀኝ ዓይናቸው አልቋል፤ በግራው የቀራቸው በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ነው፣ እሱም እየተዘጋ ነበር።

እኔ ካፖርታቸውን ታቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዝም ማለት አቃተኝ። «ድመት እንዲህ ታደርጋለች?» አልኩት ሐኪሙን።

ቀና ብሎ አየኝ። «ቧጭራቸው ነበር?»

«አይ።»

«ታዲያ ድመትን ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?» አለና ወደሚጽፈው ተመለሰ። ሁለት አገር፣ ስንትና ስንት ዘመን ያወራውን፣ እኔ አራት ወር ሙሉ ጠብቄ የኖርኩበትን ነገር እንደ ዝንብ እፍ አለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጃቸው ወደ እኔ ዞረ። «በልግ ላይ መጥታችሁ ቢሆን ጠብታ እንጀምርላቸው ነበር፣ የግራው ይተርፍ ነበር» አለ ሐኪሙ። የእነሱ በልግ፣ ቅጠል የሚረግፍበት፣ የእኔ ኅዳር ነው። የእኔ የምስር ቀን።

«ከሁሉም ደብቄ ነው» አሉ ማዳሜ። «እሷም አታውቅም።» እኔን ሊያሳዩ እጃቸውን ዘረጉ፤ የዘረጉት ግን የኮት መስቀያው ወዳለበት ነበር። ልጃቸው ያንን እጅ አይቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም።

በሳምንቱ ልጃቸው አናጢ ይዞ መጣ። ከመኝታ ቤታቸው በር እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ እንጨት አስመታላቸው። እኔ መጋዝ የበተነውን ብናኝ እየጠረግሁ ሲያወሩ እሰማለሁ።

«ማማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፋናር ትወስደኛለህ ብዬ።»

«አንቺን? ከዚህ ቤት? ጦርነት ያላወጣሽን እኔ ላወጣሽ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። መጥረጊያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ስለ እሱም ያመንነው ነገር ልክ ስለ ድመቷ እንዳመንነው ነበር፤ ሁለት ሆነን ስላወራነው ብቻ እውነት መስሎን።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ኻልዴ ሄድኩ። ዓይናቸውን ባልመልስ ድመታቸውን ልመልስላቸው ብዬ። ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። ድመቷ አራት ቀን ሳጥኖቹ ሥር ቆየች፣ ከዚያ ትልቁን መንገድ ተሻግራ ስትሄድ አይተዋታል፣ አልተመለሰችም። «ልነግርሽ ፈርቼ ነው» አለችኝ። ጓሮው ውስጥ ከነበሩት ድመቶች አንዷ ግራጫ ነበረች፤ ቁመቷም፣ ውፍረቷም ያው። ጆሮዋ ብቻ ሙሉ ነው። ማዳሜ አያዩም ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ቤት ስደርስ እሳቸው ሳሎን ተቀምጠዋል። «ማዳም፣ ተገኘች» ብዬ ጭናቸው ላይ አኖርኳት። ፊታቸው በራ። በደህናው እጃቸው ጀርባዋን አሹላት፣ አንገቷን፣ ከዚያ ጣታቸው ወደ ግራ ጆሮዋ ሄደና ቆመ። ጫፉን ዳሰሱ። ተመልሰው እንደገና ዳሰሱት።

ያኔ ራሴን አየሁት። ባለቤቷ አያይም ብላ ከሳህኑ ላይ የምታነሳዋ እኔ ነበርኩ። ድመት ታደርገዋለች የሚባለውን ሁሉ ከታኅሣሥ ጀምሮ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቦርሳውን፣ ኻልዴን፣ ለምን እንደወሰድኳት።

ማዳሜ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «የዚያን እሑድ ቃጭሉን ስትፈቺ ሰምቼሻለሁ።»

ቀና አልኩ።

«መኝታ ቤት ነበርኩ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ድመቷ ቆማ ከሆነ እግሯን ስታነሳ ይሰማል። አልተሰማም። ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ተዉኝ?»

«እኔ ብቻዬን ስለው ተረት ነበር» አሉ። «አንቺም አገር እንዲሁ ይላሉ ስትዪኝ ፈራሁ። ዓይኔን ወደድኩ። መጠለያ ውስጥ እግሬ ላይ የተኛችውን ሰጠኋት። አንቺ አይደለሽም የወሰድሻት፣ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።»

አዲሷ ድመት ከጭናቸው ሳትወርድ ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋለች። እንባዬን ጠርጌ፣ «ይህችን ነገ ወደ መጣችበት ልመልሳት» አልኩ።

«ተያት» አሉ ማዳሜ፣ እጃቸውን ከጆሮዋ ላይ ሳያነሱ። «ኸላስ፣ በቃ። አሁን ምን ትለምንብኛለች?»

ቃጭሏ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሻንጣዬ ውስጥ ነበረች። አምጥቼ ለአዲሷ ድመት አሠርኩላት። ወርዳ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ወደ ባዶው ሳህን ሄደች፤ ማዳሜም አንድ እጃቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው ድምፁን ተከትለው ተነሱ።